በአያቴ ሳጥን ውስጥ የተገኘችው ቀለሃ



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት ትንሽ የናስ ነገር ነው። ርዝመቷ ከትንሿ ጣቴ አይበልጥም። ነገር ግን በቤተሰባችን ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይነገር የኖረ ጉዳይ እንዲነገር አድርጋለች። እኔንም ኢያሱ ምዕራፍ 22ን ከዚህ በፊት ባላነበብሁበት ዓይን እንዳነብ አድርጋኛለች።

ሳጥኑ ሲከፈት

የእናቴ ወገኖች የከሚሴ አካባቢ ሰዎች ናቸው። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ቦርከና ወንዝ በአጠገቧ ያልፋል፤ ለጥ ያለው የጨፋ ሜዳም ከብት አርቢውንና ገበሬውን አንድ ላይ ያኖራል። ከሕዝቡ አብዛኛው ሙስሊም ነው። አያቴም እንደዚያው ነበረች። እኔ ጌታን ካገኘሁ በኋላም ቢሆን ከማዕዷ ለይታኝ አታውቅም። ወሎ ውስጥ በአንድ ቤት ሁለት ሃይማኖት መኖሩ ብርቅ አይደለም።

አያቴ ካረፈች በኋላ፣ ለቅሶው ሲያበቃ፣ አጎቴ የእንጨት ሳጥኗን ከፈተ። ሁለት የብር አምባር፣ አንድ ማርትሬዛ፣ መቁጠሪያዋ፣ ታጥፈው የተቀመጡ አሮጌ የግብር ደረሰኞች ነበሩበት። ከሥር ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለች አንዲት የጥይት ቀለሃ ወጣች። አፏ በእንጨት ውታፍ ተደፍኗል፤ ከውታፉ ጋር ቀጭን የእንጨት ዘንግ ተያይዟል። አያቴ በሰርግና በበዓል ቀን ዓይኗን የምትኳለው ከእሷ ነበር። ልጅ ሆነን የኩል መያዣ መሆኗን እንጂ ጥይት መሆኗን አናውቅም ነበር።

አጎቴ ከፍ አድርጎ አሳየን። «ይቺ የአድዋ ናት» አለ። «የአባቴ አባት ከራስ ሚካኤል ፈረሰኞች ጋር ዘምቶ ያመጣት ናት።» የተቀመጠው ሰው ሁሉ «እሰይ!» አለ። አክስቴ ግን አንገቷን ደፋች። ኋላ ጓዳ ስንገባ ቀስ ብላ፣ «ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህና ምርመራ ትወዳለህ። ይቺን ግን ባትነካካት ይሻላል» አለችኝ።

«ለምን አክስቴ?»

«ሰው ስለ አባታችን ምን እንደሚል አልሰማህም? በጣሊያን ጊዜ ባንዳ ነበር ይላሉ። እኔ በልጅነቴ ውኃ ልቀዳ ስወርድ ተሰድቤበታለሁ። ጥይቷ የጣሊያን ከሆነች ምን ልንመልስ ነው?»

ወገኖች፣ በብዙ ቤት እንዲህ ነው። አንዱ ዕቃውን ለክብር ይፈልገዋል፤ ሌላው ዕፍረት እንዳይወጣበት ይደብቀዋል። ዕቃው ራሱ ምን እንደሚል ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ለአክስቴ እንዲህ አልኋት፦ «የምትናገረውን ብቻ እንስማ። የማትናገረውን አንጨምርባትም።» ብዙ አሰበችና ፈቀደችልኝ።

በመጀመሪያ ባዶ መሆኑን እወቁ

እናንተም በቤታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ካገኛችሁ ከሁሉ በፊት ይህን አስቡ። ቀለሃ የሚባለው እርሳሱ ወጥቶ፣ ባሩዱ ተቃጥሎ የቀረው ባዶው ቆርቆሮ ነው። አረሩ ገና በአፉ ላይ ከተሰካ ግን ያልተተኮሰ ጥይት ነውና አትነካኩት፣ አትምቱት፣ ወደ እሳት አታቅርቡት፤ ልጆችንም አርቁ። ሰማንያ ዓመት ያለፈው ባሩድም ሊነድ ይችላል። ያልተተኮሰ ጥይትን በተመለከተ አገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አላትና ለፖሊስ ማሳወቅ ይገባል።

ሁለተኛ፣ እናቶቻችን የናስ ዕቃ እንደሚያጥቡት በአመድና በሎሚ አትፈትጓት። ግርጌዋ ላይ ያለው ጽሑፍ ጥልቀቱ ከፀጉር አይበልጥም፤ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ለብ ባለ ውኃ የራሰ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ግርጌዋን ስገለብጣት በመካከሏ ያለችው ትንሿ ክብ ጎድጉዳ አየኋት። የጠመንጃው መርፌ የመታት ምልክት ነው። እንግዲህ በእርግጥ ተተኩሳለች።

ቀለሃ እንዴት ይነበባል?

የአገራችን ሰው የጠመንጃን ዓይነት በስም ያውቃል። ስሞቹ ራሳቸው ታሪክ ናቸው። «ሰናድር» ከእንግሊዙ ስናይደር የመጣ ነው። «ውጅግራ» የፈረንሳዩ ፉዚ ግራ ነው፤ ፈረንሳይ በ1874 እ.ኤ.አ. ለሠራዊቷ ሰጠችው፣ በ1886 ለበን የሚባለውን አዲሱን ስታወጣ አሮጌው በነጋዴ እጅ በብዛት ወደ እኛ መጣ። «ምንሽር» የኦስትሪያው ማንሊከር ነው። «መውዜር» የጀርመኑ ነው። በዚያ ዘመን ጥይት በብዙ ገበያ እንደ አሞሌ ጨው በገንዘብ ምትክ ይሰጥ ነበር። ባዶው ቀለሃም እንደገና ባሩድ ይሞላበት ስለ ነበር ዋጋ ነበረው። ስለዚህ ከሩቅ አገር የመጣች ቀለሃ በአንዲት ገጠር ቤት መገኘቷ አያስደንቅም።

ዓይነቱን ለመለየት ሦስት ነገር ይበቃል፦ ርዝመቱ፣ የግርጌው ቅርጽና በግርጌው ላይ የተመታው ጽሑፍ።

ርዝመቱን በተማሪ ማስመሪያም ቢሆን መለካት ይቻላል። የውጅግራ ቀለሃ 59 ሚሊ ሜትር ነው፤ አፉ ሰፊ ነው፣ የአረሩ ውፍረት 11 ሚሊ ሜትር ነበርና። የመውዜር 57 ነው። የእንግሊዝ ጦር ይይዘው የነበረው የሊ ኤንፊልድ 56 ነው። የጣሊያኑ ካርካኖ 52 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከአሜሪካ የመጣው የኤም 1 ጠመንጃ 63 ነው። ዛሬ ሁላችን የምናውቀው ክላሽ ደግሞ 39 ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከብረት ስለሚሠራ ማግኔት ይስበዋል። ናስን ማግኔት አይስበውም።

የግርጌው ቅርጽ ሁለት ዓይነት ነው። የአንዳንዱ ግርጌ እንደ ሚስማር ራስ ከአካሉ ወጣ ብሎ ሰፋ ይላል፤ ውጅግራ፣ ለበንና የእንግሊዙ እንዲህ ናቸው። የሌላው ግርጌ ከአካሉ ጋር እኩል ነው፤ ከበላዩ ብቻ ዙሪያውን የተቆረጠ ቦይ አለበት። መውዜርና ካርካኖ እንዲህ ናቸው።

ጽሑፉ ደግሞ የሠራውን ፋብሪካ ምልክትና ብዙ ጊዜ ዓመተ ምሕረቱን ይይዛል። ዓመቱ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት አኃዝ ብቻ ስለሚመታ የማያውቀውን ያሳስታል።

የእኛዋ ምን አለች?

ለካኋት፤ 52 ሚሊ ሜትር። ግርጌዋ ከአካሏ ጋር እኩል ነው፤ ቦይ አላት። አፏ ጠባብ ነው፣ ሰባት ሚሊ ሜትር አይሞላም። በግርጌዋ ላይ በአጉሊ መነጽር ሳይ ኤስ፣ ኤም፣ አይ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላትና 935 የሚል ቁጥር አገኘሁ።

ኤስ ኤም አይ ማለት ሶቺየታ ሜታሉርጂካ ኢታሊያና የሚባል የጣሊያን ኩባንያ ነው። በቱስካና ተራሮች ውስጥ፣ ካምፖ ቲዞሮ በሚባል ስፍራ ትልቅ የጥይት ፋብሪካ ነበረው። ቁጥሩ 1935 እ.ኤ.አ. ማለት ነው።

እንግዲህ የአድዋ አይደለችም። አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ ይህች ቀለሃ ከዚያ 39 ዓመት በኋላ የተሠራች ናት። በአድዋ የተዋጋው የጣሊያን ወታደር በአብዛኛው የያዘው ጠመንጃም ቬተርሊ የሚባለው አሮጌው ነበር፤ የእሱ ጥይት ከአሥር ሚሊ ሜትር በላይ ውፍረት አለው። የአጎቴ አያት አድዋ ዘምተው ሊሆን ይችላል። የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛ በአድዋ መዋሉ የታወቀ ነው። ይህች ቀለሃ ግን ለዚያ ምስክር ልትሆን አትችልም።

ለአጎቴ ይህን መንገር ቀላል አልነበረም። «አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አንቱ ያሉት ስለ ሰውየው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ቀለሃዋ ግን አይደለም» አልኋቸው። ከዚያን ቀን በፊት «አንተ» እያልሁ የማወራቸውን ሰው ያን ቀን «አንቱ» አልኋቸው። ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ታዲያ የማን ናት?» አሉ። አክስቴም ከበሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። እሷ ይህን ጥያቄ ነበር የፈራችው።

ቀለሃዋ ያልተናገረችው

ጣሊያን በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግሮ ወረረን። በኅዳር 26 ቀን አውሮፕላኖቹ ደሴን ደበደቡ፤ የአድቬንቲስት ሚስዮን ሐኪሞች ይሠሩበት የነበረው ሆስፒታልም ከተመቱት መካከል ነበር። መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ሠራዊታችን ተሸነፈ። ሚያዝያ 7 ደሴ ተያዘች። ከዚያ በኋላ ማርሻል ባዶሊዮ ከ1,500 በሚበልጡ ተሽከርካሪዎች ጦሩን ይዞ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ገሠገሠ፤ ዋናው የመኪና ሰልፍ በቦርከና ሸለቆ ወርዶ፣ ጣርማ በርን ወጥቶ፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ካርካኖ ጠመንጃ ከነጥይቱ በእናቴ አገር በኩል ያለፈበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የወረራው አምስት ዓመት ነው። ጣሊያን ያንን አውራ ጎዳና ሲሠራና ሲጠብቅ በየጣቢያው ወታደር አስፍሯል። ከውጭ ያመጣቸው አስካሪዎች ነበሩ፣ ከአገሬው የመለመላቸውም ነበሩ። ለዕለት እንጀራ መንገድ ሲቆፍር የዋለ የቀን ሠራተኛም ነበረ። በሌላ ወገን አርበኛው ነበረ። ብዙ አርበኛ የተዋጋው ከጠላት በማረከው ጠመንጃና ጥይት ነው፤ ከውጭ የሚልክለት ጥቂት ነበርና። ስለዚህ አንድ የካርካኖ ቀለሃ በአርበኛ ዝናር ውስጥም፣ በባንዳ ዝናር ውስጥም ሊገኝ ይችላል። ናሱ አንድ ነው፣ ጽሑፉም አንድ ነው።

ሦስተኛው መንገድ የነጻነቱ ዓመት ነው። በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ 5 የደቡብ አፍሪካ አንደኛ ብርጌድ በብርጋዴር ዳን ፒናር መሪነት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዚሁ ጎዳና ወደ ሰሜን ወጣ። በኮምቦልቻ መተላለፊያ ጣሊያን ለብዙ ቀን ተከላከለ። የኢትዮጵያ አርበኞችም ከጎን በተራራው በኩል አግዘው፣ ሚያዝያ 14 ምሽጉ ተሰበረ፤ ሚያዝያ 18 ደሴ ተያዘች። ሺዎች ጣሊያኖች ከነመሣሪያቸው ተማረኩ። የማረከው ሕዝብ ጠመንጃውን ወደ ቤቱ ወሰደ። ከጦርነቱ በኋላም ገበሬው በዚያው ጠመንጃ ጅብ ሲያባርር፣ በሰርግ ላይ ሲተኩስ ኖሯል።

አራተኛው ደግሞ ከሁሉ ተራው ነው፤ አንድ እረኛ ልጅ ከመንገድ ዳር ለቅሟት፣ ለእናቱ ለኩል መያዣ ሰጥቷት ሊሆን ይችላል።

ቀለሃዋ የት እንደተሠራች ተናገረች። መቼ እንደተሠራች ተናገረች። በምን ዓይነት ጠመንጃ እንደተተኮሰች ተናገረች። ቃታውን የሳበው ጣት የማን እንደሆነ ግን በግርጌዋ ላይ አልተጻፈም። ስለዚህ አጎቴ አድዋን ከእሷ ላይ እንዳነሡ፣ አያቴን በባንዳነት የሚያሙትም ክሳቸውን ከእሷ ላይ ማንሣት አለባቸው። ይህን ስናገር አክስቴ ወደ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። «እስከ ዛሬ ሳጥኑ በተከፈተ ቁጥር ልቤ ይመታ ነበር» አለች።

አያቴ ባንዳ አልነበረም እያልሁ አይደለም። አላውቅም። አርበኛ ነበረ ብዬም ልጽፍላችሁ አልችልም። ያለኝ ማስረጃ 52 ሚሊ ሜትር ናስ ብቻ ነው፤ በ52 ሚሊ ሜትር ናስ ላይ ሰውን ማክበርም ሆነ መኮነን አይቻልም።

በዮርዳኖስ ዳር የቆመው ድንጋይ

ስለ መታሰቢያ ዕቃ ስንሰብክ ብዙ ጊዜ የምናነበው ኢያሱ 4ን ነው፤ ከዮርዳኖስ የተወሰዱትን አሥራ ሁለት ድንጋዮችና የልጆቹን ጥያቄ። ያ ክፍል መልካም ነው። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 22 ላይ ሌላ መታሰቢያ አለ፤ በወንድማማቾች መካከል ጦርነት ሊያስነሣ የነበረ።

የሮቤልና የጋድ ልጆች ከምናሴ ነገድ እኩሌታ ጋር፣ ከወንድሞቻቸው ጎን ተዋግተው ከጨረሱ በኋላ ወደ ርስታቸው ሲመለሱ፣ በዮርዳኖስ ዳር ታላቅ መሠዊያ ሠሩ። ወሬው ወደ ቀሩት ነገዶች ደረሰ። እነርሱም መሠዊያውን ከሩቅ ሰምተው ትርጉሙን ወዲያው ሰጡት፦ ዐመፅ ነው፣ ክህደት ነው አሉ። ማኅበሩ ሁሉ ሊወጋቸው በሴሎ ተሰበሰበ።

ልብ በሉ፤ ዕቃው በእርግጥ ነበረ፣ ወሬውም ሐሰት አልነበረም። ሐሰት የነበረው ትርጉሙ ነው። ከጦርነት ያዳናቸው ካህኑ ፊንሐስና አሥሩ አለቆች አስቀድመው ሄደው መጠየቃቸው ነው። ሲጠይቁ መሠዊያው ለመሥዋዕት እንዳልተሠራ ሰሙ። የእነዚያ ሰዎች ፍርሃት ሌላ ነበር፤ ወደፊት የእናንተ ልጆች የእኛን ልጆች ከእግዚአብሔር ዕድል የላችሁም እንዳይሏቸው ብለው ለምስክርነት ያቆሙት ነበር። ፊንሐስ ይህን ሰምቶ ደስ አለው፤ ጦሩም ቀረ።

በክህደት የተጠረጠሩት ሰዎች ልባቸው የፈራው ከወንድሞቻቸው መለየትን ነበር። ሄዶ የጠየቀ ባይኖር ኖሮ በዚያ መሠዊያ ዙሪያ ደም ይፈስ ነበር፤ ልጆቻቸውም ያንን ደም እንደ ጽድቅ ሥራ ሲተርኩ ይኖሩ ነበር።

በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ (ዘጸአት 20፥16) ለፍርድ ቤት ብቻ የተሰጠ አይደለም። ስለ ሞተው ሰው የምናወራውንም ይጨምራል፤ የሞተው ሰው መልስ መስጠት አይችልምና። ሕጉ በአንድ ምስክር ቃል ሰው እንዳይፈረድበት ያዘዘው (ዘዳግም 19፥15) የእግዚአብሔር ሕዝብ በጥርጣሬ ሰውን እንዳያጠፋ ነው። ደግሞም ትእዛዙ በክብር በኩልም ይይዘናል። ስለ አባቶቻችን ያላየነውን ጀግንነት ስንጨምር፣ በጉባኤ ላይ ምስክርነት ስንሰጥ ነገሩን ትንሽ ስናሳምረው፣ ያ ሐሰት እንደ ሆነ አይሰማንም። «ለጌታ ክብር ነው» እንላለን። ጌታ ግን በተጋነነ ነገር መክበር አያስፈልገውም።

በእኛ ዘመን የወደቁት ቀለሃዎች

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁት ስለ አሮጌዋ ቀለሃ ብቻ ብዬ አይደለም። በዚያው አገር፣ በዚያው ጎዳና ዳር፣ በእኛ ዘመንም አዳዲስ ቀለሃዎች ወድቀዋል። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በአጣዬና በጅሌ ጥሙጋ አካባቢ በተነሣው ግጭት ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል፣ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሏል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ከሚሴ ደረሰ። በሰንበቴና በባቲ ገበያ ለዘመናት አብሮ ሲሸጥና ሲገዛ የኖረ ሕዝብ እርስ በርሱ ተፈራርቷል።

በእነዚያ ወራት የወደቀውን ቀለሃ አንድ ልጅ በኪሱ ይዞ ወደ ቤቱ ገብቶ ይሆናል። ከሰባ ዓመት በኋላ የልጅ ልጁ ከሳጥን ያወጣዋል። ለክቶ 39 ሚሊ ሜትር ያገኛል፣ ግርጌውን ያነባል፣ ፋብሪካውንና ዓመቱን ያውቃል። ማን በማን ላይ ተኮሰ የሚለውን ግን ከናሱ አያገኝም። ከእኛ ነው የሚሰማው። «እነዚያ ናቸው፤ ሁሉም እንዲያ ናቸው» ብለን ከነገርነው ያንን ይወርሳል። ያየነውን እንዳየን፣ የሰማነውን እንደ ሰማን፣ ያላወቅነውን እንዳላወቅን ከነገርነው ደግሞ ይህን ይወርሳል። የጎረቤታችንን ለቅሶ ደርሰን ከሆነ፣ ጎረቤታችን የእኛን ደርሶ ከሆነ፣ እሱንም ልንነግረው ይገባል፤ ይህም የዚያ ዘመን እውነት ነውና።

በዚያ አካባቢ ያለን አማኞች ቁጥራችን ጥቂት ነው። ጥቂት መሆን ግን ከፊንሐስ ሥራ ነጻ አያደርገንም። ወሬ ሲመጣ ሳያጣሩ በስልክ ከማስተላለፍ መቆጠብ፣ ሄዶ መጠየቅ፣ የሌላውን ወገን ሐዘን በራሱ አንደበት መስማት ለጥቂቶችም ይቻላል። በመስቀሉ ጠላትነትን የገደለው ጌታ (ኤፌሶን 2፥16) ለዚህ ሥራ ጠርቶናል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ሳጥኑ

ከዚያ በኋላ ቀለሃዋ የማን ትሁን የሚል ነገር ተነሣ። አጎቴ በፊት ለራሳቸው ሊያስቀሯት ያስቡ ነበር። አሁን ግን፣ «ለእህቴ ትሁን» አሉ። እኔም በአንዲት ወረቀት ላይ የምናውቀውን ጻፍሁ፦ በጣሊያን አገር በ1935 እ.ኤ.አ. የተሠራች፤ የካርካኖ ጠመንጃ ጥይት የነበረች፤ የተተኮሰች፤ ማን እንደተኮሳት የማይታወቅ፤ አያታችን እስከ ዕለተ ሞቷ ዓይኗን የተኳለችባት። አክስቴ ማንበብ ስለማትችል ጮክ ብዬ አነበብሁላት። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

እውነትም ስለዚህች ቀለሃ በዓይናችን ያየነው ታሪክ ያ ብቻ ነው። ኢሳይያስ በምዕራፍ 2 ሰይፍ ማረሻ የሚሆንበትን ቀን አይቷል። አያቴ ኢሳይያስን አላነበበችም። ነገር ግን ሰው ለመግደል የተሠራውን ናስ ወስዳ፣ አጥባ፣ ለሰርግ ቀን ማጌጫ አድርጋዋለች።

ወረቀቷ አሁን ከቀለሃዋ ጋር በዚያው ጨርቅ ተጠቅልላ በአክስቴ ቤት አለች። አክስቴ ለልጆቿ ሳጥኑን ስትከፍት ከእንግዲህ በሩን አትዘጋም።

እናንተስ ወገኖች፣ በቤታችሁ ሳጥን ውስጥ ምን አለ? በዚህ ሳምንት ከቤተሰባችሁ ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጡና ጠይቁ። የምታውቁትን ከምትገምቱት ለይታችሁ ጻፉ። ስለ አንድ የሞተ ሰው ሳታጣሩ የተናገራችሁት ክፉ ነገር ካለ፣ ለነገራችሁት ሰው ሄዳችሁ አስተካክሉት።

*ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ አንተ የታመንህና እውነተኛ ምስክር ነህ። በአንደበታችን ላይ ጠባቂ አኑር። ያላየነውን እንዳየን፣ ያልሰማነውን እንደ ሰማን ከመናገር ጠብቀን። በከሚሴ፣ በአጣዬ፣ በባቲ፣ በወሎና በሸዋ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ሁሉ ሰላምህን ስጥ። ልጆቻችን ከእኛ ቂምን ሳይሆን እውነትን ይውረሱ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።*